ትልቅ የሱፍ ስጋጃ ቤት ውስጥ ማጽዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለእንቁጣጣሽ ተብሎ በየግቢው ስጋጃ ይወጣል። ውሃ ይደፋበታል፣ ኦሞ ይነሰነስበታል፣ በባዶ እግር ይረገጣል፣ በመጥረጊያ ይፈተጋል። ስጋጃው ሰው ሠራሽ ከሆነ ችግር የለም። ሱፍ ከሆነ ግን ስንት ብር የወጣበት ዕቃ በአንድ ከሰዓት ሊበላሽ ይችላል።

«ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ሱፍ ነው»

አይደለም። ፖሊስተርም ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል። ከጠርዙ አንድ ሁለት ክር ንቀሉና ከስጋጃው ራቅ ብላችሁ ሳህን ላይ ለኩሱት። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ውጤቱ ይሄኛው ከሆነ ቀሪውን ባታነቡትም ብዙ አይቀርባችሁም።

«ኦሞና በረኪና ካልነካው አይጠራም»

ትልቁ ጥፋት እዚህ ጋ ነው። ሱፍ የበግ ጸጉር ነው፣ እንደ እኛ ጸጉርና ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ። በረኪና ይህን ፕሮቲን ይበላዋል፤ ነጭ ይሆናል ብላችሁ ስትጠብቁ ቢጫ ሆኖ መሰባበር ይጀምራል። የዱቄት ሳሙናም አልካላይ ስላለው ሱፍን ይጎዳል። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ የወጥና የደም እድፍ የሚያነሳ ኢንዛይም ይጨመራል፣ እሱ እድፉም ፕሮቲን፣ ክሩም ፕሮቲን ስለሆነበት ሁለቱን አይለይም። ለሱፍ ልብስ የሚሸጠው ፈሳሽ ሳሙና፣ ከጠፋም የጸጉር ሻምፖ፣ ለአንድ ባልዲ ውሃ በሾርባ ማንኪያ አንድ ይበቃል። አረፋ ስላየን ጸዳ ማለት አይደለም፣ ታጥቦ ያልወጣ ሳሙና አቧራ ይይዛል።

ከዚያ በፊት ግን ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥግ ላይ ጫን አድርጉ። ቀለም ከወጣ ውሃውን እርሱት፣ ለባለሙያ ስጡት።

«ሙቅ ውሃ ቆሻሻ ያስለቅቃል»

ሙቅ ውሃና ፈተጋ ሲገናኙ ክሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዙና ሱፉ ተጠቅጥቆ ይኮማተራል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ወደ ጸጉሩ አቅጣጫ ብቻ።

«ቡና ሲፈስ ቶሎ ማሸት ነው»

ቶሎ የሚለው ልክ ነው፣ ማሸቱ ግን እድፉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በንጹህ ጨርቅ እየተጫናችሁ ምጠጡት፣ ከጠርዝ ወደ መሃል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከቀረም ትንሽ አቼቶ የተጨመረበት ውሃ። ጨው መነስነስ እድፍ አያነሳም።

«ቶሎ ቶሎ ካልታጠበ ንጹህ አይደለም»

የስጋጃ ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ አቧራና አሸዋ ነው፣ ጸጉሩን ከሥር የሚቆርጠውም ይኸው አሸዋ። ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል። ስጋጃውን በፊቱ ድፉትና ጀርባውን በቫኪዩም ምቱት ወይም በዱላ ቀስ እያላችሁ ደብድቡት፣ ስታነሱት ወለሉ ላይ የምታዩት ነገር ያስደነግጣችኋል። ፊቱን ስትጠርጉ የቫኪዩሙን የሚሽከረከር ብሩሽ አጥፉ። ይህን በየሳምንቱ የሚያደርግ ቤት ሙሉ እጥበት ለረጅም ጊዜ ላያስፈልገው ይችላል።

«ላዩ ከደረቀ ደርቋል»

ሱፍ ያታልላል። የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ ሲነኩት ደረቅ ሊመስል ይችላል። ከደብረ ብርሃን የተገዛ በእጅ የተሠራም ይሁን ከውጭ የመጣ፣ ብዙዎቹ ከሥር የጥጥ ድር አላቸው፣ ቀድሞ የሚሻግተው እሱ ነው። ለዚህ ነው ነሐሴ ላይ ማጠብ የማልደግፈው። ዝናቡ አልወጣ፣ ፀሐይ የለ፣ በዓሉ ደግሞ ደርሷል፣ እርጥቡን ጠቅልሎ ማስገባት ይመጣል። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላል። 2 በ3 ሜትር ስጋጃ ሲርስ አንድ ሰው አያነሳውም፣ በአንድ ጫፍ ከተሰቀለም ክብደቱ ቅርጹን ይስበዋል። መሃሉን በረንዳው ብረት ላይ አስደግፉት፣ ጀርባውን ወደ ፀሐይ፣ ፊቱ ቀለሙን እንዳይለቅ።

«ናፍታሊን ካለ ብል አይነካውም»

ሱፍ የሚበላው የሚበረው ብል አይደለም፣ ትል የሚመስለው የብሉ እጭ ነው። እሱም ጨለማና ማንም የማይነካው ቦታ ይወዳል፣ ማለትም ሶፋው ሥር። ሽታ ብቻውን አያስወጣውም። ዕቃውን አንሱና ጥረጉት፣ ጠቅልላችሁ የምታስቀምጡት ከሆነም ጸድቶ በደንብ የደረቀ ይሁን።