የቀበሌ ቤት፣ የኪራይ ውዝፍና ይግባኝ፦ መሃል አዲስ አበባ ላይ ነገሩ እንዴት ነው የሚሄደው

የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር የመጣው ሐምሌ 1967 ላይ ነው፣ ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ቤቶች "ኪራይ ቤቶች" ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ፣ ከዛ በታች ያሉት ደግሞ ለቀበሌ። በዛው ጊዜ ኪራዩም ተቀነሰ፣ ከዛ በኋላ የመኖሪያው ኪራይ ለአስርት ዓመታት እምብዛም ስላልተነካ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ሰንጋ ተራ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ለወር ኪራይ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ የሚከፍል ሰው ሞልቶ ነበር። ቀበሌው ወረዳ ሆኖ ስሙ ተቀየረ እንጂ ሰው ዛሬም "የቀበሌ ቤት" ነው የሚለው።

ታዲያ በዚህ ዋጋ ሰው እንዴት ኪራይ ይወዘፍበታል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው። ብር ያጣም አለ፣ በተለይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሌላ ነው፦ ውሉ በአባት ወይም በእናት ስም ነው፣ እሳቸው ያርፋሉ፣ ልጅ ኪራይ ልክፈል ብሎ ሲሄድ "መጀመሪያ ስም አዙር" ይባላል፣ ስም ለማዞር ደግሞ "የኪራይ ክሊራንስ (ውዝፍ የለብህም የሚል ወረቀት) አምጣ"፣ እንዲህ ሲመላለስ ሁለት ሦስት ዓመት ያልፍና አንድ ቀን የቆርቆሮው በር ላይ "ውዝፍ ኪራይ ባለመክፈልዎ ቤቱን እንዲያስረክቡ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። እኔ እንደሚመስለኝ ከእነዚህ ክሶች ብዙዎቹ ውስጥ ውዝፉ ሰበብ ነው፣ ዋናው ጥያቄ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሕጋዊ ተከራይ ነው ወይ የሚለው ነው። ይግባኝ የሚል ሰው ይሄን ካልለየ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ሲመልስ ይከርማል።

መጀመሪያ አከራዩ ማን እንደሆነ ማወቅ። የወረዳው ቤት ከሆነ ክርክሩ የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች ጋ ነው፣ የከተማው ቻርተር አዋጅ 361/1995 ከተማው የሚያስተዳድራቸውን ቤቶች ክርክር ለነሱ ነው የሰጠው። ሰው አሁንም "ኪራይ ቤቶች" የሚለው፣ በ2009 የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሆነው ከሆነ ግን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው እዚህ ውስጥ የለበትም፣ የሱ ዕዳ የባንክ ብድር እንጂ ኪራይ አይደለም፣ ብዙ ሰው ግን ይቀላቅለዋል።

ከፍርድ ቤት በፊት ቅሬታ አለ፣ ከወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዛ ወደ ከተማው ቤቶች ቢሮ። ቅሬታ በአፍ አይሆንም፣ ኧረ ባካችሁ በአፍ አይሆንም! በጽሑፍ፣ በሁለት ኮፒ፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብቶ ሌላኛው ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ማህተም ማስደረግ። በ2012 የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ (ቁጥር 1183/2012) የአዲስ አበባ አስተዳደርንም ስለሚነካ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሰው ላይ ሲወስን ማዳመጥና ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፣ ስለዚህ "ቤቱን ልቀቅ" ብቻ የሚል ደብዳቤ ራሱ መከራከሪያ ነው።

ሌላው ማስጠንቀቂያው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኪራይ ያልከፈለን ተከራይ አከራዩ ውሉን ከማፍረሱ በፊት ቀን ቆርጦ እንዲያስጠነቅቀው ያዛል፣ ውሉ ለአንድ ዓመትና ከዛ በላይ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ ከዛ ካነሰ ቢያንስ 15 ቀን። ቤቱ የመንግሥት ቢሆንም ግንኙነቱ የኪራይ ውል ስለሆነ ይሄ ነጥብ ችሎት ላይ ይነሳል። እዛው ሕግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባዩ አልቀበልም ካለ ባለዕዳው ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ የሚችልበት መንገድም አለ፣ ከላይ ያልኩት "መጀመሪያ ስም አዙር" የሚባለው ልጅ ይሄን ቢያውቅ ውዝፉ ራሱ አይወለድም ነበር።

አሁን ተፈረደ እንበል። ሰውየው ሳይሰማ በሌለበት ከሆነ የተፈረደው፣ ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እዛው የፈረደው ፍርድ ቤት "መጥሪያ አልደረሰኝም፣ ፍርዱ ይነሳልኝ" ብሎ ማመልከት ይችላል። ተከራክሮ ከተሸነፈ ደግሞ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ በቂ ምክንያት አሳይቶ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፣ እና የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ "ጠበቃዬ ረሳው" የሚለውን በቂ ምክንያት አይደለም ብሎ በግልጽ ዘግቶታል።

ሰው የሚጎዳው ግን እግዱ ላይ ነው፣ ማለትም ይግባኙ እስኪወሰን ፍርዱ እንዳይፈጸም የሚያቆመው ትዕዛዝ ላይ። ይግባኝ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም። የይግባኝ ባዩ መዝገብ ተከፍቶ ቀጠሮ ተይዞ እያለ የአፈጻጸም ትዕዛዝ ተይዞ በር ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ቁም ሳጥኑና ምጣዱ ደጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማስመለሱ ሌላ መከራ ነው። ስለዚህ ከይግባኙ ጋር አንድ ላይ የእግድ ማመልከቻ ከነቃለ መሐላው ማስገባት፣ ቤቱን ብለቅ ይሄ ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ መዘርዘር፣ ፍርድ ቤቱ ዋስትና ቢጠይቅ ለዛም መዘጋጀት። ውዝፉን በሙሉ ከፍሎ ደረሰኙን ከእግዱ ጋር ማያያዝ ከጠበቃ ንግግር ይበልጣል ባይ ነኝ፣ በተለይ ውዝፉ ጥቂት መቶ ብር ከሆነ።

የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው ሳይከፍል በደሃ ደንብ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፣ ንብረትና ገቢ እንደሌለው ማስረዳት ግን አለበት። ይግባኝ ሰሚው መዝገቡን አይቶ በስር ፍርዱ ላይ ስህተት ካላገኘ መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ሊዘጋው ስለሚችል የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስህተቱ ምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚጽፉት ሰዎች የቤተሰብ ታሪክ ሦስት ገጽ ይጽፉና ነጥቡን አራተኛው ላይ ያደርጉታል።

ማስረጃው ያው ደረሰኝ ነው። የድሮ ሰፈር እናቶች የ1980ዎቹን ደረሰኝ ሳይቀር በፌስታል ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ልጆች "ይሄ ምን ያደርጋል" ብለው ይጥሉታል፣ ቀለሙ ሳይለቅ ኮፒ አድርጎ መያዝ ነው የሚሻለው። በባንክ የከፈለም ስሊፑ ላይ የቤት ቁጥሩና የተከፈለበት ወር መጻፉን ይይ።

ከ2016 ጀምሮ ፒያሳና ካዛንቺስ በልማት ሲፈርሱ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፣ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል የሚያገኘው ውል ያለው ሕጋዊ ተከራይ ስለሆነ ውዝፍ ያለበት ወይም በክርክር ላይ ያለ ሰው ምትክ ሲጠይቅ ፋይሉ ሊያዝበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ክርክር መኖሩን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት ለወረዳውም ለክፍለ ከተማውም ገቢ ያድርግ። ጠበቃ የማይችል ሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከልን ይጠይቅ፣ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደልን ይመረምራል፣ የሚሰጠው ግን የመፍትሔ ሐሳብ ስለሆነ እሱን እየጠበቁ 60 ቀኑን ማሳለፍ አይገባም።