የልብ ምቱ ከተስተካከለ የደም ማቅጠኛው ለምን አይቆምም?

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ ምት መዛባት ዓይነት) ያለበት ሰው በኤሌክትሪክ ንዝረት ወይም በአብሌሽን (ምቱን የሚያዛቡ ትናንሽ የልብ ቦታዎችን በማቃጠል ወይም በማቀዝቀዝ) ምቱ ሲስተካከልለት «በቃ፣ ማቅጠኛውም ይቁም» ቢል አይፈረድበትም። ግን ምቱን የማስተካከልና የማቅጠኛው ሥራ ለየቅል ነው።

የልብ የላይኛው ክፍሎች በደንብ መኮማተር ትተው ሲርገበገቡ፣ በተለይ በግራ በኩል ባለች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ደም ይጠራቀምና ሊረጋ ይችላል። የረጋው ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ምቱ ከተመለሰ በኋላም ክፍሎቹ ወዲያው አይበረቱም። ለዚህ ነው ከንዝረቱ በኋላ አብዛኛው ታካሚ ቢያንስ 4 ሳምንት ማቅጠኛ የሚወስደው።

ከዚያ በኋላ ማቅጠኛው ይቀጥል አይቀጥል የሚወስነው የምቱ ማማር ሳይሆን ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካም፣ የቀድሞ ስትሮክ ነው። የምት መዛባቱ ደግሞ ምንም ሳይሰማችሁ ሊመለስ ይችላል። መድማት ካሳሰባችሁ፣ እባካችሁ በራሳችሁ አታቁሙት። «የእኔ የስትሮክ ስጋት ምን ያህል ነው?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።