የክፉ ቀን ሬዲዮ ምንድን ነው?

አባቴ ሬዲዮ ሊከፍት ሲል መጀመሪያ የሚነካው ጣቢያ መፈለጊያውን አልነበረም። ገልበጥ ያደርግና የጀርባውን ክዳን በአውራ ጣቱ ገፍቶ የባትሪ ድንጋዮቹን ያያል። ድምፁ ከደከመ አራቱንም አውጥቶ መስኮት ላይ ፀሐይ ያስመታቸዋል። ማታ መልሶ ሲከታቸው ሬዲዮው ነፍስ ይዘራል። ዜናው እስኪያልቅ ይናገራል።

ዛሬ የምኖረው ዋሽንግተን ዳር፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዘመድና ጎረቤት "ለቤት የሚሆን የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?" ሲለኝ ትዝ የሚለኝ ያ የጀርባ ክዳን ነው። ስንት ጣቢያ ይይዛል፣ ባትሪ መብራት አለው ወይ፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል ወይ የሚለው በኋላ ይደርሳል። የክፉ ቀን ሬዲዮ የሚመረጠው ከጀርባው ነው።

ለመሆኑ ምንድን ነው? መብራት ሲሄድ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ በራሱ ጉልበት እየሠራ የውጭውን ወሬ ቤት ድረስ የሚያመጣ መቀበያ ነው። መቀበያ ብቻ ነው። ሰው የሚያነጋግሩበት ዎኪቶኪ ሌላ ዕቃ ነው፣ ሌላ ሥራ አለው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ዎኪቶኪ ከልጃችሁ ጋር ያገናኛችኋል እንጂ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ አይነግራችሁም። ማሸጊያው ላይ "36 ማይል ይደርሳል" የሚለውም ከተራራ ጫፍ ወደ ሜዳ ሲሆን ነው። ቤትና ዛፍ በበዛበት ሰፈር አንድ ማይል ከሄደ ጥሩ ነው።

"ስልክ እያለ ሬዲዮ ለምን?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እኛ አካባቢ የቆየ ሰው መልሱን አይቶታል። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ዋሽንግተን ላይ ሙቀቱ 104 ፋራናይት ደርሶ ነበር። በሴልሺየስ 40 ማለት ነው። ማታ ላይ ዴሬቾ የሚሉት ኃይለኛ የነፋስ ማዕበል ከምዕራብ በኩል መጣ። ዛፍ ከሥሩ ነቀለ፣ የመብራት ገመድ በጠሰ። መብራት የጠፋበት ቤት በሚሊዮን ይቆጠራል። በዚያ ሙቀት አንዳንዱ ሰፈር አንድ ሳምንት ገደማ ያለ መብራት ከረመ። ከሁሉም የሚያስደነግጠው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ስልኩ 911 ራሱ መሥራት ማቆሙ ነበር። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የታመመ ይዞ የደወለ ሰው የሚያነሳለት አጣ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ደግሞ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ምዕራብ ኖርዝ ካሮላይናን በጎርፍ አጥለቀለቀው። አሽቪል ከተማና ዙሪያው ያሉ ተራራማ ቀበሌዎች መብራትም፣ ውሃም፣ ስልክም አጡ። እዚያ የነበሩ ሰዎች ውሃ የት እንደሚታደልና የትኛው መንገድ እንደተከፈተ የሰሙት ከአካባቢው የሕዝብ ሬዲዮ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ ወይም በእጅ የሚዞር ሬዲዮ ከበው ነበር የሚያዳምጡት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የስልክ ማማ መብራት ሲሄድበት ብዙ ጊዜ የሚቆየው በመጠባበቂያ ባትሪው ለጥቂት ሰዓት ነው። ቢቆይም ሁሉም ሰው ባንዴ ሲደውል ይጨናነቃል። ሬዲዮ አይጨናነቅም። አንድ ማሠራጫን አሥር ሰው ቢሰማው፣ አንድ ሚሊዮን ሰው ቢሰማው ለእሱ ያው ነው። መቶ ማማ ሳያስፈልግ አንድ አንቴና ካውንቲውን ሁሉ ይሸፍናል። የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ መሥሪያ ቤት ፌማም በዚህ ነው የሚተማመነው። ጄኔሬተርና ነዳጅ የተዘጋጀላቸው 77 ጣቢያዎችን ለይቶ አስቀምጧል። ሁሉም ነገር ቢቆም እንኳ ከ90 በመቶ በላይ ለሆነው ሕዝብ መድረስ እንዲችሉ ነው የታሰበው።

እንግዲህ ወደ ጀርባው።

ገበያ ላይ ዓይን የሚገባው ባለ እጀታው ነው። ጎኑ ላይ የምትዘረጋ እጀታ አለችው፣ አናቱ ላይ ትንሽ ሶላር። የዚህ ሬዲዮ ታሪክ ከእኛው አህጉር ጋር የተሳሰረ ነው። ትሬቨር ቤይሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1991 በአፍሪካ ስለተስፋፋው ኤድስ የቴሌቪዥን ዝግጅት ያያል። ትምህርቱን በሬዲዮ ማዳረስ ይቻላል፣ ነገር ግን ገጠሩ መብራት የለው፣ ድንጋዩም ለገበሬው ውድ ነው። ሰውየው ይህን ሲሰማ እንደ ድሮ ሰዓት ሞላው ተጠምዝዞ የሚሠራ ሬዲዮ ሠራ። በኋላ በብዛት የተመረተው ኬፕ ታውን ነው። አባቴ ድንጋይ ፀሐይ የሚያስመታበትን ችግር አንድ ሰው ሩቅ አገር ሆኖ አስቦበት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

የዛሬዎቹ ግን ሞላ የላቸውም። እጀታው ትንሽ ዲናሞ ያዞራል፣ ዲናሞው ደግሞ ሬዲዮው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ይሞላል። ችግሩ ያለው ይቺ ባትሪ ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ሦስት ዓመት አስቀመጥኩት። አንድ ክረምት በረዶ ጥሎ መብራት ሲሄድ አወጣሁት። ባትሪዋ ሞታለች። እጀታውን ሳዞር ይናገራል፣ ሳቆም ዝም ይላል። ሲዞር ደግሞ እንደ ቡና መፍጫ ይጮሃል፣ የሚባለው አይሰማም። እናቴ ብርድ ልብስ ተከናንባ "ምን አለ? ምን አለ?" እያለች ትጠይቀኛለች። የያዝኩት "መንገድ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሉት ይሄን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። እጀታ ይኑረው፣ አይከፋም። ሶላርም ይኑረው። ግን የጀርባ ክዳኑ ሲከፈት በየሱቁ የሚሸጠውን ተራ ድንጋይ፣ ደብል ኤ ወይም ትልቁን ዲ፣ የሚቀበል ይሁን። ያ ከሌለው አትግዙት። ጥሩ አልካላይን ድንጋይ ሳይነካ ለዓመታት ይቀመጣል። በቀላል ድምፅ የሚከፈት ትንሽ ሬዲዮም በአንድ ዙር ድንጋይ ለብዙ ቀን ይሠራል። እጀታ የመጨረሻ አማራጭ ነው። አንድ ደቂቃ ዞሮ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ቢያሰማ ነው። "በእጅ እያዞሩ ስልክ ቻርጅ ማድረግ" የሚለውን ማስታወቂያ ደግሞ እርሱት። የዛሬ ስልክ ባትሪ ወደ 15 ዋት ሰዓት ይይዛል። ክንድ በዚያች እጀታ የሚሰጠው ሁለት፣ ሦስት ዋት ነው። ያለ ዕረፍት ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ማዞር ነው። ለስልክ ፓወር ባንክ ግዙ።

ድንጋዩን ሬዲዮው ውስጥ ከታችሁ አታስቀምጡ። አልካላይን ሲያረጅ ያነባል። ክዳኑን ስትከፍቱ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ብረቱ ላይ ተጋግሮ ታገኛላችሁ። ይህ ከደረሰ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ትንሽ አቼቶ ነክራችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አዲሱን ድንጋይ ከነማሸጊያው ከሬዲዮው ጋር በላስቲክ አስሮ ማስቀመጥ ነው። ዲ ድንጋይ ለሚወስድ ሬዲዮ ዲ ድንጋይ። ቀላል ይመስላል፣ በጨለማ ግን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሞገድ ነው። ኤፍ ኤም የግድ ነው። ኤ ኤምም አይቅር። ወጣቱ ኤ ኤምን ያረጀ አድርጎ ያየዋል፣ ነገር ግን ርቆ የሚሄደው እሱ ነው። ማታ ማታ ሞገዱ ከላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጣቢያ ይገባል። የሰፈራችሁ ኤፍ ኤም አንቴና ቢወድቅ የሌላ ክፍለ ሀገር ኤ ኤም ይደርስላችኋል። "እኔ ቤት ኤ ኤም ይንጫጫል" የሚል አለ። የሚያንጫጫው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ የኤል ኢ ዲ አምፖልና ቻርጀር ነው። መብራት ሲሄድ ጩኸቱም አብሮ ይሄዳል። ኤ ኤም አንቴናው ሆዱ ውስጥ ነውና ዘንጉን መጎተት አይጠቅምም። ሬዲዮውን ራሱን ዞር ዞር አድርጉት፣ ድምፁ የሚጠራበት አቅጣጫ አለ። ዘንጉ ለኤፍ ኤም ነው። አጭር ሞገድ የአገር ቤት ወሬ ለሚናፍቅ ደስ ይላል። ለጎርፍና ለበረዶ ግን አያስፈልግም።

አሜሪካ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አላችሁ፣ ዌዘር ሬዲዮ። ኖአ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀንና ሌሊት ስለ አየር ሁኔታ ብቻ የሚናገርባቸው ሰባት መስመሮች አሉ፣ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ። ተራ ሬዲዮ አይይዛቸውም፣ ዕቃው ላይ "ዌዘር ባንድ" መባል አለበት። ከ1,000 በላይ ማሠራጫ አለው። ከነዚህ መቀበያዎች የሚሻለው ተኝታችሁ እያለ የሚቀሰቅሳችሁ ነው። ስድስት አኃዝ ያለው የካውንቲ ቁጥር ትሞሉበታላችሁ። እኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 024031 ነው፣ ፌርፋክስ 051059፣ ዲሲ ከተማው 011001። ከዚያ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለእናንተ ካውንቲ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ብቻ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን ይጮኻል። ቶርኔዶ ባለበት አገር፣ ዳላስ ወይም ሚኒሶታ ላላችሁ ዘመዶቼ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ስልኩን አጥፍቶ የሚተኛ ሰው ስንት ነው! ብዙ ቦታ ረቡዕ ረቡዕ ከቀትር በፊት የሙከራ ድምፅ ይለቀቃል። ያንን ሰዓት ጠብቃችሁ መሥራቱን አረጋግጡ።

ስለ ዌዘር ሬዲዮ የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዳንድ ቦታ በስፓኒሽ። ድምፁም የኮምፒዩተር ነው፣ አይለምዱትም። ቀን ቀን ብቻቸውን ቤት የሚውሉ አባትና እናት ስንት ናቸው። "ዎርኒንግ" ማለት አደጋው ደርሷል፣ አሁኑኑ ተነሱ ማለት ነው። "ዎች" ማለት ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቃላትና የካውንቲያቸውን ስም በጆሯቸው እንዲለዩ አድርጓቸው። ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፋችሁ ሬዲዮው ሥር ለጥፉላቸው።

አውሮፓ ያላችሁ ዌዘር ባንድ አትፈልጉም፣ በአብዛኛው አገር ኤፍ ኤም ይበቃችኋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ስፔንና ፖርቱጋል በአንዴ ሲጨልሙ ሰው ሱቅ ለሱቅ የሮጠው በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ፍለጋ ነበር። ስዊድን በ2024 መጨረሻ ለየቤቱ ባደለችው መጽሔት ላይም ሬዲዮ አለ። እስራኤል ያላችሁ ማማድ በሚባለው የቤቱ መጠለያ ክፍል ውስጥ አንድ አኑሩ፣ ወፍራሙ ኮንክሪት የስልክ ኔትወርክ ያደክማል። ሬዲዮውም እዚያ ውስጥ እንደሚይዝ በሰላሙ ጊዜ በሩን ዘግታችሁ ሞክሩት። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። ብዙ ተራ ስልኮች የራሳቸው ኤፍ ኤም አላቸው። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንቴና ሆኖ ያለ ኔትወርክና ያለ ካርድ ይሠራል።

ዛሬ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው መኪና ካለው ሬዲዮ አለው። ብቻ ሞተር አስነስታችሁ ጋራዥ ውስጥ አትቀመጡ። በሩ ክፍት ቢሆንም የሞተሩ ጭስ ይገድላል። መኪናውን ደጅ አውጡት።

የእኛ ቤቱ አሁን ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለት ማዞሪያ ያለው፣ ዲ ድንጋይ የሚወስድ፣ ስክሪን የሌለው ተራ ሬዲዮ። ድንጋዩን በዓመት ሁለቴ አየዋለሁ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ። ጀርባው ላይ በፕላስተር "103.5 ዜና፣ ኤ ኤም 1090 ባልቲሞር" ብዬ ጽፌአለሁ። እናቴ መነጽር ሳታደርግ እንድታገኘው መክፈቻው ላይና 103.5 ላይ የልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረግሁበት። ሲደርቅ በጣት ይታወቃል። ባለፈው ሰኔ ነጎድጓድ መጥቶ መብራቱ ድርግም ሲል ስልኬን ስፈልግ መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ የድንጋዮቹ ቋ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ክዳኑ ቀጭ አለ፣ የሰው ድምፅም ወጣ።

"ና ተርጉምልኝ" አለች ከጨለማው ውስጥ።