የአፍ ወለምታ ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ የነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። ድንኳን ተተክሏል። የፕላስቲክ ወንበር ከየቤቱ ወጥቷል። ወደ አዳማ በሚወስደው የክፍያ መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪና ከማይኩ ጋር ይፎካከራል። አንድ ኃላፊ ተነስተው ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ዳቦ ተናገሩ። ንግግራቸው ጥሩ እየሄደ ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና «ለዚህ ሰፈር ሦስት ባዶ ቤት እንከፍታለን!» አሉ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። በእኛ ብሎክ እንኳ እስካሁን ሰው ያልገባባቸው ቤቶች አሉ። ባዶ ቤት ሞልቶናል። ሰውዬው ወዲያው «ዳቦ ቤት፣ ይቅርታ፣ ዳቦ ቤት» ብለው አረሙ። የሰማቸው ግን የለም። ማታ ዘጠኝ ሰከንድ የምትሆን ቪዲዮ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ተለቀቀች። ከሥሯ ብዙ ተጻፈ። አንዱ ግን እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። «ዳቦና ባዶ የማይለይ ሰው ነው እኛን የሚመራን።»

ሁላችንም ስቀናል፣ ሳቁ ክፋት የለውም። ያሳሰበኝ ፍርዱ ነው። አንድ ሰው ምላሱ ስለተደናቀፈ ጭንቅላቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል?

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። ወለምታ የእግር ነው። ኮብልስቶን ላይ ስትሮጥ እግርህ ወለም ይላል። ጅማት ይሳባል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ አጥንት ግን አልተሰበረም። ወጌሻ በቅቤ አሽቶ ይመልሰዋል። ስለ አፍ ሲሆን ግን አባቶች «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብለዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ የለውም ለማለት ነው። አባባሉ የሚያወራው ስለ መዘዙ ነው፣ ትክክልም ነው። ግን ቃሉን የመረጡት ሰዎች አንድ ሌላ ነገርም ነግረውናል። ወለምታ አሉት እንጂ ስብራት አላሉትም።

አሁን «ዳቦ» እንዴት «ባዶ» እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ዳቦ ውስጥ ሁለት ተነባቢዎች አሉ፤ ደ እና በ። ቦታ ተለዋወጡ። አናባቢዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። የመጀመሪያው ፊደል ራብዕ ነበር፣ ራብዕ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ሳብዕ ነበር፣ ሳብዕ ሆኖ ቀረ። «ቤት» ከነጭራሹ አልተነካም። ሰዋስዉም ደህና ነው። ይህ የደነዘዘ አእምሮ ሥራ አይመስልም። እያንዳንዱን ድምፅ በቦታ በቦታው እየደረደረ የነበረ፣ ግን ሁለቱን ያቀያየረ አእምሮ ሥራ ነው።

ይህን ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ ሰዎች አሉ። ቪየና ውስጥ ሩዶልፍ ሜሪንገር የሚባል የቋንቋ ምሁር ከሐኪሙ ካርል ማየር ጋር ሆኖ የሰዎችን የአፍ ወለምታ እየለቀመ እ.ኤ.አ. በ1895 አሳተመ። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ቪክቶሪያ ፍሮምኪን ብዙ ስህተቶችን ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ትልቅ ነገር አሳየች። ስህተቱ ሕግ አለው። የቃል መነሻ ድምፅ ከሌላ ቃል መነሻ ጋር ይለዋወጣል። ስም ከስም፣ ግስ ከግስ ጋር ይምታታል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 ባርስ፣ ሞትሊና ማኬይ በሙከራ እንዳሳዩት፣ ወለምታው ትርጉም ያለው ሌላ ቃል የሚፈጥር ሲሆን በቀላሉ ያመልጣል። ትርጉም የለሽ ነገር ሲሆን አእምሮ ከመውጣቱ በፊት ይይዘዋል። «ባዶ» ያለ ቃል ስለሆነ ዘቡን አልፎ ወጣ።

ሥራው ራሱ ከባድ ነው። ስናወራ በሰከንድ ሁለት ሦስት ቃል እናወጣለን። ሐሳቡን እንይዛለን፤ ከብዙ ሺህ ቃላት መካከል የሚሆነውን እንመርጣለን፤ ድምፁን እንደረድራለን፤ ምላስና ከንፈርን እናዛለን። ይህ ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ነው የሚሄደው። አፋችን የመጀመሪያውን ቃል ሲል አእምሯችን ሦስተኛው ላይ ደርሷል። በእንግሊዝኛ ንግግር ላይ የተደረጉ ቆጠራዎች በሺህ ቃል አንድ ወለምታ ገደማ ይላሉ። በዚያ ሂሳብ እንሂድ። አንድ ፖለቲከኛ በቀን ሦስት ሰዓት ቢናገር፣ በደቂቃ 100 ቃል ብንል፣ 18,000 ቃል ይሆናል። አሥራ ስምንት ወለምታ በቀን ማለት ነው፣ ያውም ካሜራ ፊት። እኔና አንተም ከቤተሰብ ጋር ስናወራ እንሳሳታለን፤ ልዩነቱ የሚቀርጸን የለም።

እናቴን ውሰዱ። እኔን ለመጥራት የታላቄን ስም ትጠራለች፣ ከዚያ የታናሼን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ልጅ፣ በመጨረሻ እኔ ጋ ትደርሳለች። የአሜሪካው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አይተዋል። ሰው የሚያምታታው በአንድ መሶብ ያሉትን ስሞች ነው፤ ልጅን ከልጅ፣ ጓደኛን ከጓደኛ። በእነሱ አገር የቤቱ ውሻ ስምም አብሮ ይገባል። ስሞቹ በፍቅር አንድ ላይ ስለተቀመጡ ነው እንጂ እናት ልጇን ስለማታውቅ አይደለም።

እዚህ ላይ የቪየናው የሥነ ልቦና ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ይመጣል። ልብ የሞላውን አፍ ያወጣዋል እንደምንለው፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1901 ባሳተመው ሥራው ወለምታ የተደበቀ ፍላጎትን ያጋልጣል አለ። ከምሳሌዎቹ አንዱን የወሰደው ከሜሪንገር ነው። የኦስትሪያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስብሰባውን ሊከፍት ተነስቶ «ተዘግቷል» ብሎ አወጀ። ፍሮይድ፣ ሰውዬው ስብሰባው ባለቀልኝ ብሎ ስለተመኘ ነው አለ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን «ተከፈተ» እና «ተዘጋ» በአእምሮ ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱን ስትፈልግ እጅህ ሌላውን ቢያነሳ አይገርምም።

በአማርኛ አንድ የሚያስፈራ ምሳሌ አለ። «ሙስናን እንታገላለን» ለማለት የተነሳ ባለሥልጣን አንዲት ል ወደ ስ ብትሄድበት «ሙስናን እንታገሳለን» ይላል። እስቲ አስቡት፤ በዚያች ሌሊት ስንት ሰው «እውነቱ አመለጠው!» ይላል? ሰውዬው ሙሰኛ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ያቺ ስ ግን ማስረጃ አይደለችም። ማስረጃው ያለው የኦዲት ሪፖርት ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ጆርጅ ቡሽ ልጅየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 «አሳንሶ መገመት» እና «በስህተት መረዳት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አዳቅሎ በቋንቋው ያልነበረ ቃል ፈጠረ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2004 ደግሞ ጠላቶቻችን አገራችንንና ሕዝባችንን የሚጎዱበትን አዲስ መንገድ ማሰብ አያቆሙም፣ እኛም አናቆምም አለ። ዓለም ሳቀ፣ ደደብ ተባለ። ሰውዬው ግን በዬል ታሪክ ተምሮ፣ በሃርቫርድ የንግድ አስተዳደር ማስተርስ የያዘ ነበር። ዲግሪ ብቻውን ብልህ አያደርግም፣ ይህ ግልጽ ነው። እኔ የምለው፣ ቡሽን መመዘን የፈለገ ሰው የኢራቅን ጦርነት ይመዝን ነው። ያ ውሳኔ ነው። በውሳኔው ላይ ቀናት ወስዶ መከራከር ይቻላል፤ በዚያ ቃል ላይ ግን ከመሳቅ በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬንን ወረራ ሊያወግዝ ሲል «የኢራቅ» ብሎ ወዲያው አረመ። ፍሮይድ ቢሰማ ደስ የሚለው እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ባራክ ኦባማም እ.ኤ.አ. በ2008 በምርጫ ዘመቻ ላይ ሃምሳ ሰባት ግዛቶች እንደዞረ ተናግሯል። አሜሪካ ያላት ሃምሳ ነው። ደጋፊዎቹ ደክሞት ነው አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ለዓመታት አነሱበት። በቡሽ ላይ የተገላቢጦሽ ነበር። የምንወደው ሲሳሳት ደክሞት ነው፤ የምንጠላው ሲሳሳት አላዋቂ ስለሆነ ነው። ይህን በእኛም ሰፈር በየቀኑ አያለሁ፣ ያመኛልም።

ታዲያ ወለምታውን ከስብራቱ እንዴት እንለየው? ወጌሻን ተመልከቱ። ያበጠውን እግር ከማሸቱ በፊት ጫን ጫን ያደርገዋል፣ «እስቲ አንቀሳቅሰው» ይላል። የአፍም እንደዚያው ነው። እስቲ ድገመው በሉት። «ዳቦ ቤት፣ ይቅርታ» ካለ ወለምታ ነው። ትክክለኛው ነገር ውስጡ አለ፣ መንገድ ላይ ነው የተደናቀፈው። ካልገባው፣ ወይም በስህተቱ ጸንቶ ከተሟገተ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በምርጫ ክርክር ላይ ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት የበላይነት ሥር አይደለም አለ። ጋዜጠኛው ተገርሞ መልሶ ጠየቀው። የማረሚያ በር ከፈተለት ማለት ነው። ፎርድ ፖላንድንም ሩማንያንም እየጠራ እዚያው ጸና። ያ የምላስ ጉዳይ አልነበረም።

የመንተባተብና የ«እ...» ነገርም አለ። «እንትን»፣ «ማለቴ»፣ «ምን ነበር» የሚያበዛ ሰው ያላወቀ ይመስለናል። ስታንሊ ሻክተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ሲያዳምጡ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን «እ...» የሚሉት ከኪነ ጥበብና ከሥነ ጽሑፍ መምህራን ያነሰ ሆኖ አገኙት። ማብራሪያቸው ደስ ይላል፤ አንድን ነገር በብዙ ዓይነት ቃል መግለጽ የሚችል ሰው ሲመርጥ ነው የሚዘገየው። ሙሴስ አፌ ኮልታፋ ነው ብሎ ለአምላኩ አልተናገረም? በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም የምናከብረው ሰው ነው። ከዚያም በላይ፣ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ላይ «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር መናገር የማይችል በሽተኛ አየ። ሰውዬው የሚባለውን ግን ይረዳ ነበር። ንግግርና መረዳት አንድ ክፍል ውስጥ አይኖሩም።

በዕድሜ የገፋ መሪ ላይ ወለምታው ከወር ወር እየበዛ ከሄደ መጠየቅ ተገቢ ነው። ያ ግን የጤና ጥያቄ ነው፣ መልሱም በሐኪም እንጂ በቪዲዮ አይገኝም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የቋንቋው ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ በሌላ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው በአማርኛ ምክር ቤት ይናገራል። «እሱ መጣች» ካለ፣ ጠ እና ተን ካምታታ ሳቅ ነው። ይህ ወለምታ እንኳ አይደለም። በሁለተኛ ቋንቋው እያሰበ ያለ ሰው ድካም ነው። እኔ ገበያ ወጥቼ ከአካባቢው ገበሬዎች ሽንኩርት በኦሮምኛ ስገዛ አፉርተማንና ሸንተማን፣ አርባንና ሃምሳን ማለት ነው፣ አደባልቄ አውቃለሁ። ሴትየዋ ቁጥሩን በጣቷ አሳይታ አረመችኝ፣ ትክክለኛውን መልስ ሰጠችኝ። አላዋቂ አላለችኝም። እኛም ለኃላፊዎቻችን የዚያን ያህል ብንሰጥ ምን እናጣለን?

ምላስን እንዲህ የምናከብረው ያለ ምክንያት አይደለም። በበላ ልበልሃ ዘመን ሙግት የሚረታው አንደበተ ርቱዕ ነበር፣ የተደናቀፈ ተረታ። ቅኔ የሚዘርፍ፣ ሰምና ወርቅ የሚያነባብር ሰው አዋቂ ነው። ይህን እኔም እወደዋለሁ። ግን ያው ሕዝብ «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የሚል አባባልም አለው። አሳምሮ የሚናገርን ሰው ጠርጥሩ ተብለን አድገናል። የሚደናቀፈውን ናቁ ያለን ግን የለም።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ሳቁ ሳይበርድ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ባለፈው ስብሰባ ዳቦ ቤቱ ለመስቀል ይደርሳል ብላችሁን ነበር። አሁን ለፋሲካ አላችሁ። መካከል ላይ ምን ተፈጠረ?» አሉ። ኃላፊው ጠርቶ በሚሰማ አማርኛ፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ፣ «ሥራው በሂደት ላይ ነው እናቴ» ብለው ማይኩን ለሌላ ሰው ሰጡ። ጥያቄውን የደገመው አልነበረም። ከኋላ ያሉት ገና «ባዶ ቤት» እየተባባሉ ይስቁ ነበር። በዘጠኝ ሰከንዷ ቪዲዮ ላይ እማማ የሉም።