ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ ይበላል ወይስ አይበላም?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ለጣዖት ከተሠዋ ራቁ ይላል። ጳውሎስ ደግሞ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 በገበያ የሚሸጠውን ሳትጠይቁ ብሉ ይላል። ግራ ያጋባል።

የጳውሎስ ነገር ከሥጋው ይልቅ ቦታውን ማየት ነው። በቆሮንቶስ የመሥዋዕት ሥጋ ገበያም ይወጣ ነበር። ገዝቶ ቤት መብላት ችግር የለውም። በጣዖቱ ማዕድ መቀመጥ ግን አይሆንም፤ እሱ አምልኮ ነው።

ከባዱ ግብዣው ነው። የማያምን ሰው ቤት ከተጋበዝክ ዝም ብለህ ብላ። አንዱ «ይሄ እኮ የተሠዋ ነው» ካለህ ግን እጅህን ሰብስብ። ለራስህ ብለህ አይደለም፤ ለተናገረው ሰው ኅሊና ብለህ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው፤ ያው ሥጋ፣ ያው ሳህን!

ዛሬም ህንድ ውስጥ ክርስቲያኖች የሂንዱ ጎረቤት ፕራሳድ፣ ማለትም ለአማልክት የቀረበ ምግብ፣ ሲያመጣላቸው በዚሁ ምዕራፍ ይከራከራሉ።