«የተሰወረ ፒራሚድ» ምንድን ነው?

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ በየጊዜው ብቅ ይላል። በረዶ የወረሰው ሹል ተራራ፣ የሚያስጨንቅ ሙዚቃ፣ ከዚያም «ዓለም የደበቀው ፒራሚድ ተገኘ!» የሚል ድምፅ። እዚህ ባሕር ዳርም ቡና ላይ ይወራል፤ የሚያምነውም የማያምነውም አጥብቆ ይከራከርበታል።

የተሰወረ ፒራሚድ የሚባለው አንድ ቦታ አይደለም፤ የአፈ ታሪክ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሰው በቀላሉ የማይደርስበት ሩቅ አገር ይመረጣል። ሦስት ማዕዘን የሚመስል ተራራ ከአንድ ወገን ብቻ ይነሳል። ከዚያ «ይህን የአካባቢው ሰው ሊሠራው አይችልም» ይባላል። እኔን የሚከነክነኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

በብዛት የሚዞረው የአንታርክቲካው ነው። ተራራው በእርግጥም አለ፤ በኤልስዎርዝ ተራሮች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ከፍታው 1,265 ሜትር ገደማ ነው። የጠረበው ግን ውሃ ነው። የቀለጠ በረዶ ወደ አለቱ ስንጥቅ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ በረዶ ይሆናል፣ ይሰፋል፣ አለቱንም ይፈለቅቀዋል። ይህ በየጎኑ ለእልፍ ዘመናት ሲደጋገም ጎኖቹ ይሳላሉ፣ ጫፉም ይሾላል።

የቦስኒያው ይብሳል። በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ነጋዴ ቪሶኮ ከተማ አጠገብ ያለውን ቪሶቺጻ ኮረብታ «ፒራሚድ ነው» አለ፤ ቀጥሎም ቁፋሮ አስጀመረ። ጂኦሎጂስቶች አይተው ተፈጥሮ የደራረበችው አለት ነው አሉ። በ2006 የአውሮፓ አርኪዮሎጂስቶች ማኅበር መግለጫ አውጥቶ ተቃወመው። ጎብኚው ግን ጎረፈ። የሚያሳዝነው ምን መሰላችሁ? ኮረብታው አናት ላይ የመካከለኛው ዘመን የቦስኒያ ነገሥታት ምሽግ ፍርስራሽ አለ። እውነተኛው ቅርስ በሐሰተኛው ተሸፈነ።

ደግሞ «ግብፅ ያለውን የጊዛን ፒራሚድም ማን እንደሠራው አይታወቅም» ይባላል። ይታወቃል እንጂ! በ2013 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ዋዲ አል-ጃርፍ በተባለ ቦታ፣ 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የፓፒረስ ጽሑፎች ተገኙ። ከእነሱ አንዱ ሜሬር የሚባል የሠራተኞች አለቃ የሥራ መዝገብ ነው። ቡድኑ ለንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ የሚሆን ነጭ ድንጋይ ቱራ ከሚባል የድንጋይ ካባ ጭኖ በጀልባ ወደ ጊዛ ሲያመላልስ በየዕለቱ ተጽፏል። በጎርፍ ወራት የዓባይ ውሃ ሞልቶ ጀልባዎቹን ወደ ግንባታው ያስጠጋ ነበር። ያ ጎርፍ የእኛ ደጋ ክረምት ነው። ሜሬር የጻፈበት ፓፒረስስ? ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው፤ ያው ተክል።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። ላሊበላን «ከውጭ የመጡ የመስቀል ጦር ፈረሰኞች ሠሩት» ያሉ ጸሐፊዎች ነበሩ። ይህ መላእክት አገዙት ከሚለው ከአባቶቻችን ትረካ ጋር አንድ አይደለም። በእኛ ትረካ ቀን ሰው ይጠርባል፣ ሌሊት መላእክት ያግዛሉ። የውጭው ወሬ ግን ጠራቢውን ከነመሮው ያጠፋዋል። ለዚህ ነው «ምን ችግር አለው፣ ተረት ነው» ብዬ ማለፍ የማልችለው።

ታዲያ ጣና ሥርስ ፒራሚድ ይኖር ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። የጊዛው ትልቁ ፒራሚድ ሲሠራ ከ146 ሜትር በላይ ነበር። እዚህ ቢኖር ኖሮ ከዘጌም ከጎርጎራም ይታይ ነበር። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ጭቃ በቱቦ አውጥተው ሲመረምሩ ያገኙት ሌላ ነገር ነው። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ዛሬ ጀልባ የሚሄድበት ደረቅ መሬት ነበር ማለት ነው። ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ሲመለስ ሐይቁ ሞላ፤ ሞልቶም ወደ ዓባይ ፈሰሰ።