የሲቪ መክፈቻ ምንድን ነው?

ሲቪ ላይ ከስምና ከስልክ ቁጥር በታች፣ ከትምህርትና ከሥራ ልምድ ዝርዝር በላይ የምትቀመጥ ሦስት አራት መስመር ናት። ፕሮፌሽናል ሰመሪ የሚሏት አሉ፣ ፕሮፋይል የሚሏትም አሉ። ሥራዋ የሲቪ ክምር ፊቱ የተቀመጠ ሰው የቀረውን ገጽ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ላደርስ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ማፈላለጊያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ቀጣሪዎች አንድን ሲቪ በመጀመሪያው ዙር የሚያዩት በአማካይ 7.4 ሰከንድ ነው ብሏል። ቁጥሩን እንደ ሕግ አልወስደውም። ግን ለአንድ ክፍት ቦታ መቶ ሲቪ የደረሰው ሰው ሁሉንም ከላይ እስከ ታች እንደማያነብ ለማወቅ ጥናትም አያስፈልግም።

እኛ ዘንድ ይህን ቦታ ይዞት የኖረው ካሪየር ኦብጀክቲቭ ነው። ከጓደኛ ፍላሽ ተገልብጦ፣ ስም ብቻ ተቀይሮ የሚላከው ማለቴ ነው፦ «ዕውቀቴንና ችሎታዬን ተጠቅሜ ራሴንም ድርጅቱንም የማሳድግበት የሥራ ቦታ ማግኘት።» ነርሷም፣ ሲቪል መሐንዲሱም፣ ገንዘብ ያዡም ይህንኑ ይጽፋሉ። ከመመሳሰሉ ይልቅ የሚጎዳው ግን የሚያወራው ስለ አመልካቹ ፍላጎት መሆኑ ነው። ሥራ መፈለጋችሁንማ ሲቪውን መላካችሁ ተናግሮታል። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው የጎደለበትን ሥራ ማን እንደሚሠራለት ነው።

ስለዚህ መክፈቻው የሚጻፈው ማስታወቂያውን አጠገብ አስቀምጦ ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል እንበል፤ ሦስት ዓመት ልምድ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚችል፣ ደመወዝና ታክስ የሚሠራ ብሏል። ብዙ ሰው የሚልከው እንዲህ ያለውን ነው፦ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የሚችልና የሥራ ጫናን የሚቋቋም የሒሳብ ባለሙያ።» ከዚህ ውስጥ አንዱንም ማረጋገጥ አይቻልም። ሰነፍ ነኝ ብሎ የጻፈ አመልካችም ታይቶ አይታወቅም!

ይህን ደግሞ እዩት፦ «በአስመጪ ድርጅት 4 ዓመት የሠራ የሒሳብ ባለሙያ። የ60 ሠራተኞችን ደመወዝ፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ በየወሩ አዘጋጅቷል፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ በወቅቱ አሳውቋል። ሒሳቡን በፒችትሪ መዝግቦ የባንክ ማስታረቂያ ይሠራል።» «አስመጪ» የምትለው ቃል ብቻዋን ብዙ ትናገራለች፤ ሰውየው ኤልሲ (ለውጭ ሻጭ ክፍያ ባንክ የሚሰጠው ዋስትና) እና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እንግዳ እንደማይሆኑበት ቀጣሪው ራሱ ይገምታል። 60 የሚለው ቁጥር የሥራውን ስፋት ያሳያል። ፒችትሪ፣ ደመወዝና ታክስ በማስታወቂያው ላይ በተጠሩበት ስም ተጠርተዋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የውጭ አገር ቀጣሪዎች ማመልከቻን ብዙ ጊዜ በሶፍትዌር ስለሚያጣሩ፣ ቃሉ ከሌለ ሲቪው ሰው እጅ ሳይደርስ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ያልሠራችሁትን ግን ማስታወቂያው ጠየቀ ብላችሁ አትጨምሩ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሆናል።

ሲቪያችን በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ነገር ላስታውስ፦ መክፈቻው ላይ «I» («እኔ») እያሉ ዓረፍተ ነገር መጀመር አልተለመደም። በቀጥታ በሙያው ወይም በግሱ ይጀመራል።

ዜሮ ዓመት ልምድ ያለው ተመራቂስ? ካሪየር ኦብጀክቲቭ ላይ ሙጭጭ የሚለው በአብዛኛው እሱ ነው፤ የምጽፈው የለኝም ብሎ። አለው። ኢንተርንሺፕ የወጣበት ቦታና እዚያ በእጁ የሠራው ሥራ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ፣ የሚችለው ሶፍትዌር፣ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ የመውጫ ፈተናው። «አዲስ ተመራቂ» ብሎ ከመጀመር «በመንገድ ፕሮጀክት ላይ ለ4 ወር የአፈር ምርመራ ናሙና የወሰደ፣ አውቶካድ የሚሠራ የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ» ማለት ይሻላል። ሙያ የሚቀይር ሰው ደግሞ ድልድዩን ራሱ መሥራት አለበት። አዲስ አበባ ላይ አስተማሪ የነበረች ሴት ሜሪላንድ ገብታ በነርስ ረዳትነት ስታመለክት፣ ያገኘችውን ፈቃድ ታስቀድማለች። ማስተማሩን የምታነሳው ከአዲሱ ሥራ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ ማለትም ሰው በትዕግሥት መያዝና መዝገብ በአግባቡ መሙላት መቻሏን ለማሳየት ነው። ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና ፎቶ አሜሪካ ውስጥ በሚላክ ሲቪ ላይ አይገቡም፤ መክፈቻው ላይማ ጭራሽ።

ጽሑፉ ከአራት መስመር ካለፈ ቁረጡት። መጻፍ ያለበትም በመጨረሻ ነው፤ የሥራ ልምዱ ሳይዘረዘር የቱ ተመርጦ ላይ እንደሚወጣ አይታወቅም። ማመልከቻ በኢሜይል ስትልኩም እነዚያኑ መስመሮች የኢሜይሉ አካል ላይ አድርጓቸው። ብዙ ሰው ፋይሉን ብቻ አያይዞ ባዶ ኢሜይል ይልካል፤ ፋይሉ መከፈት አለመከፈቱ ደግሞ የሚወሰነው እዚያው ነው።